የተወረወረው ክዳን

የሬዲዮ ጠጋኙ ለገዛ ቤቱ የሚሆን አሮጌ ስቴሪዮ ሲፈልግ ሁለት መንትያ የሚመስሉ አገኘ። ሻጩ ሽማግሌ ፊታቸውን አጥቁረው፣ "ምን ታገላብጣለህ? ሁለቱም ያው ናቸው" አሉት።

"አባቴ፣ እኔን አያሞኙኝም።" መፍቻውን አወጣና የሁለቱንም ክዳን ፈትቶ ወደ ጎን ወረወረ። የአንደኛውን ሆድ ዕቃ ማንም አልነካውም። ከሁለተኛው ግን ኦርጅናሉ ትራንስፎርመር ወጥቶ ርካሽ ተተክቶበታል።

"ይሄን የሠራው ጠጋኝ ሌባ ነው" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "እጁ ይቆረጥ።"

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "አሜን። እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስል ነበር።"

ጠጋኝ በሠራው ዕቃ ክዳን ላይ ከውስጥ በኩል ይፈርማል። ሽማግሌው የሁለተኛውን ክዳን ከወደቀበት አንስተው ገለበጡለት። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው የራሱ ስም ነበር።