የአባባ ደጅ

ስልኩ የጠራው ሙኒትና እናቷ እስራኤል፣ ኔታንያ ከተማ ገበያ ውስጥ ቲማቲም ሲመርጡ ነበር። የሩቅ ዘመዳቸው ብሩ ነው፤ ከጎንደር በቪዲዮ። የሙኒት አያት የኖሩበትን ቤት እንዲፈልግላቸው እናትና ልጅ ለምነውት ነበር። እናቷ ወደ እስራኤል ስትመጣ አባቷን የተሰናበተቻቸው እዚያ ደጅ ላይ ነው፤ ዳግም ሳይገናኙ አረፉ። ዓይኗ ጨርሶ ሳይደክም ደጁን አንዴ ለማየት ጓጉታለች።

“እትየ፣ የቀበሌው ስም ተቀይሯል፤ ሰፈሩም እንደ ድሮው አይደለም” አለ ብሩ። “ግን አንዲት የጥንት ጎረቤት አግኝቼ እሳቸው መርተው አደረሱኝ። እዚህ ነው።”

እናቷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ፊቷ ላይ አስጠጋችው። የሚታየው ሰፊ አስፋልት ነበር።

“የቱ ጋ?”

“የቆምኩበት ላይ። መንገዱ ሲሰፋ ፈርሷል አሉ።”

“ኢማ፣ ስጪኝ” አለች ሙኒት፣ እናቷን በዕብራይስጥ ጠርታ እጇን እየዘረጋች። እናቷ አልሰጠቻትም። ከብሩ ኋላ አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ሲያምባርቅ ደነገጠች።

“ዳር ያዝ ልጄ! ይገጭሃል!”

ብሩ እየሮጠ ዳር ወጣ።

“ወጥቻለሁ እትየ።”

“እሰይ። በል አሁን ስልኩን ወደ መንገዱ አዙርልኝ።”

አዞረላት። ሻጮቹ በዕብራይስጥ ዋጋ እየጠሩ በሚጯጯሁበት መሐል እናቷ ነጠላዋን አስተካከለች። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ ከሩቅ መጥቶ ደጅ እንደቆመ ሰው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

“ቤቶች!” ብላ ተጣራች።

አስፋልቱ ላይ ባጃጆች ይተላለፉ ነበር።