ከሊፍቱ የመጣ ጥሪ

ሊፍቱ በሁለት ፎቆች መካከል ተገትሮ ቀርቶ ነበር። ውስጡ ብቻዋን የቀረችው የማስታወቂያ አንባቢ የድንገተኛ ጥሪውን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ተጭና፣ መጀመሪያ በእናቷ ቋንቋ፣ ቀጥላ በጎረቤቶቿ፣ በመጨረሻም ትምህርት ቤት በተማረችው ቋንቋ «ድረሱልኝ» አለች።

«በሦስቱም ቋንቋ ድምፅ የሚለየው ስክሪን ያው ነው የሚለኝ» አለ የነፍስ አድን ስልክ ተቀባዩ። «ሰው ሠራሽ ድምፅ። በሐሰት ጥሪ መኪና እየላክን አሳራችንን በልተናል፣ እህቴ... እህት ከሆንሽ።»

አይፈረድበትም። አምና ድምፅዋን ያስቀዳችለት ማሽን ዛሬ በእሷ ጉሮሮ ሠላሳ ቋንቋ ይለፈልፋል። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ዋናዋ ነኝ» ልትለው አፏን ስትከፍት ሆድ ባሳት፤ እንባዋ ቀደማት። ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሳ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ለቅሶ መቼም አይዋሽም።

«ሰማህ?» አለ ሰውዬው፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ባልደረባው። «ማሽኑ ማልቀስም ለመደ። አንጀት ይበላል እኮ።»

ያን ጊዜ ትዝ አላት። በቀረጻው የመጨረሻ ቀን ቴክኒሻኑ «አሁን ደግሞ ለቅሶ፤ ከልብሽ ይሁን» ሲላት፣ የአባቷን ሞት አስባ ያላትን ለቅሶ ሁሉ፣ ቅንጣት ሳታስቀር፣ ሰጥታው ነበር።