ወርቅውሃን መሥራት

ሎሚ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባሏን ቀነዓን መልሳ ማግኘት። ከቤት ከወጣ አርባ ቀን ሆኖታል። ልጁ ገና የአምስት ወር ነው። አባቱን ሳያውቅ ጥርስ ሊያወጣ ነው።

በዚያ ጥቅምት ከናዝሬት ወደ ሌላ ከተማ ያለ ይለፍ ወረቀት መሄድ አይቻልም። ወረቀቱን የሚሰጠው ቀበሌ ነው። ቀበሌ ደግሞ ባሏ ለጠፋ ሴት አይሰጥም። ስለዚህ ሎሚ ልጇን አዝላ ገበያው አጠገብ ወደ ወይዘሮ ዘሃራ ቤት ሄደች።

ዘሃራ የወሎ ሰው ናት፤ ሽንኩርት ትነግዳለች። በጎን ሌላ ሥራ አላት። ከከተማ መውጣት ያቃተውን ሰው ሌላ ሰው አድርጋ ታስወጣዋለች። ስም ትሰጠዋለች፣ ሙያ ትሰጠዋለች፣ በዚያ ስም ይለፍ ታመጣለታለች።

ቤቷ ሁለት ጊዜ ተፈትሾ አንድም ወረቀት አልተገኘም። አንዳንዱ ጎበዝ ናት ይላል። አንዳንዱ ደግሞ፣ የቀበሌ ጆሮ ባትሆን እንዴት ትተርፍ ነበር ይላል።

"ባልሽ የት ነው?" አለች ዘሃራ።

"አርሲ ነገሌ ነው አሉኝ።"

"ማን አለሽ?"

"ሰዎች።"

"ሰዎች!" ዘሃራ ሳቀች። "ሰዎች የሚሉትን ብሰማ እኔም እስካሁን ሦስት ጊዜ ተቀብሬያለሁ። በይ ተቀመጪ። ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?"

"ነጋዴ። ወይ ነርስ፤ ነርስ ይከበራል። ልብስ መስፋትም ትንሽ..."

"በቃ፣ በቃ! ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ነው። በአንድ ሰው ላይ አሥር ሙያ ይጭናል፤ ኬላ ላይ ሲደርስ አንዱም አያድነውም። አንድ ምረጪ። ያለሽን ሁሉ እዚያ ላይ አድርጊ።"

ሽንኩርት ተመረጠ። ስሟ ወርቅውሃ ሆነ።

ዘሃራ ስለ ወርቅውሃ ስታወራ የጎረቤት ነገር የምታወራ ትመስል ነበር። ብልጥ አታድርጊያት ትላለች፤ ብልጥ መልስ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ቻይ አድርጊያት። ወታደር ሲጮህባት ዝም የምትል፣ ሲገፋት የማትወድቅ ትሁን። ምላስ በኋላ ይመጣል፤ መጀመሪያ መቻል ነው።

"ደግሞ የሽንኩርት ነጋዴ ጥፍር እንዲህ አይጸዳም።"

ሎሚ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኩንታል ላይ የበሰበሰውን ስትለቅም ትውላለች። ልጁ ጆንያ ላይ ይተኛል።

አንድ ቀን የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጠብመንጃውን አንግቶ በደጅ አለፈ።

"እትዬ ዘሃራ፣ ሽንኩርቱ ገባ?"

"ገባ። አንተ ደግሞ መፈተሹን ትተህ መብላት ያዝክ?"

ሁለቱም ሳቁ። ሦስት ራስ መርጣ ሰጠችው። ሎሚን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ሎሚ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ ወዲህ የዘሃራን ዓይን ማየት ተወች።

በሳምንቱ ዘሃራ ለብቻዋ ወለንጪቲ ገበያ ላከቻት። "በትልቁ ኬላ አይጀመርም" አለች። "ትንሹን እለፊና እንይሽ።"

ሎሚ ሁሉንም ሸጣ ተመለሰች።

"ማን ጠየቀሽ?"

"ማንም።"

"ማንም? ወላሂ እድለኛ ነሽ! እኔን እንኳ ሁለት ጊዜ ሳያስቆሙኝ አያሳልፉኝም።"

ሎሚ ልጁን ጡት አጎረሰችው። "ከኔ በፊት ስንት ሰው ሠሩ?" አለች።

"ምነው፣ ልትቆጥሪ ነው?"

"እንዲያው... የተያዘ አለ ወይ ብዬ ነው።"

"አንድም የለም። የሚያዘው መሐል ላይ ሰው የሚቀይር ነው። ወርቅውሃ ሆነሽ ከጀመርሽ ወርቅውሃ ሆነሽ ጨርሺ።"

ሎሚ አለቀሰች። ዘሃራ በሻሿ ጫፍ እንባዋን ጠረገችላት።

"አልቅሺ፣ የኔ እናት። እሱንም ለወርቅውሃ ስጪያት። እንዳንቺ ያለ ተማሪ አልነበረኝም።"

የመንገዱ ቀን ሐሙስ ጠዋት ሆነ። የዘሃራ ልማድ ወረቀቱን አውቶቡሱ በር ላይ ሰጥቶ መመለስ ነው። ሎሚ ግን ደረጃው ላይ ቆማ ቀረች።

"እትዬ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ገና በደንብ አልገባኝም። ጠይቀውኝ ብሳሳትስ? እስከ ሞጆ ኬላ ይሸኙኝ።"

"ተማሪዬን ሸኝቼ አላውቅም።"

"ለዚህ ልጅ ብለው።"

ዘሃራ ልጁን አየችው። እሱም አያትና ሳቀ።

"እመጫት ብቻዋን ለመንገድ አትሰጥም" አለች በመጨረሻ። "እናቴ ከመቃብሯ ትረግመኛለች። ወረቀቱ እኔ ጋ ይሁን፤ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ልጁንም አምጪው።"

ዘሃራ እስከ ሞጆ ድረስ ልጁን አቅፋ ሄደች። ሎሚ ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም።

ኬላው ላይ ሁሉም ውረዱ ተባለ። ወታደሩ ተራ በተራ ይጠይቃል። ከኋላው ሲቪል የለበሰ ሰው ሲጋራ ያጨሳል። ዘሃራ ለሰውዬው ፈገግ ብላ አንገቷን ዝቅ አደረገችለት። ሎሚ ይህን አየች።

ዘሃራ ከጡቷ ሥር ሁለት ወረቀት፣ የራሷንና የወርቅውሃን፣ አወጣች። አንዱን ለሎሚ ሰጠቻት።

"መቻል" አለቻት በጆሮዋ። "መቻል ብቻ።"

"ስምሽ ማን ነው?" አለ ወታደሩ።

ሎሚ ልጇን ከዘሃራ እጅ ተቀበለች። ወታደሩን አልፋ ሲቪል ወደ ለበሰው ሰው ሄደች።

"እንዳላችሁኝ ዘሃራን ከነወረቀቷ አምጥቻታለሁ" አለችው፤ "አሁን ባሌን ከእስር ፍቱልኝ።"