ስምንተኛው ሥዕል

ውብአለም ከሞተች ሠላሳ አንድ ቀን ሆናት።

የስድስት ዓመት ልጇ ዓይናለም ግን መርዶ አልተነገራትም። በቀብሩ ቀን ገሳይ ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ ተልካ ነበር። ስትመለስ አባቷ ይሻው «እማዬ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄዳለች» አላት። እንዳትጠረጥር ጥቁር አልለበሰም፤ ጢሙንም በየጠዋቱ ይላጫል።

እሁድ ጠዋት እንዲነገራት ዘመድ ወሰነ። ይሻው ደብረ ታቦር ውስጥ የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው ነው። አፍ አውጥቶ መናገር እንደማይሆንለት ስላወቀ የሥዕል መጽሐፍ አሰበ። አንድ ካርቶን ስምንት ቦታ ከፍሎ ገጾቹን በእርሳስ ነደፈ። ሻሽ ያሰረች እናት በግ፣ ቀለም የነካው ኮፍያ ያጠለቀ አውራ በግ፣ አንዲት ግልገል። በሰባተኛው ሥዕል እናትየዋ ትታመማለች። በስምንተኛው ሻሿ መቃብር ላይ ቀርቷል፤ ባለ ኮፍያው ያለቅሳል፣ ግልገሏ ከጎኑ ቆማለች።

ካርቶኑን በአማቱ በእማማ አበበች ሳጥን ውስጥ ደበቀው። ከሳጥኑ የሚወጣው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ዓይናለም የምታቀብላቸው ነጠላ ብቻ ነው።

ሐሙስ ሲያየው ስምንተኛው ሥዕል በላጲስ ጠፍቷል። እንደገና ሣለው። ዓርብም ጠፋ።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ላጲስ ይዤ አውቃለሁ?»

«‹ልጅ ናት፣ ትቆይ› ሲሉ አልነበር?»

«ብያለሁ። አሁንም እላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ግን ድብብቆሽ አልጫወትም።»

ዓይናለም ዳቦ ይዛ ገባች። ዳቦዋን ገምሳ ትልቁን ለአባቷ ሰጠችው።

«እማዬ ዛሬም ደህና ናት አይደል?» አለችው ዓይን ዓይኑን እያየች።

«ደህና ናት።»

«ውሃው ጥሩ ነው አሉ። አታስብ።»

ወዲያው መርዶው ከልጅቷ መደበቁን ያልሰማ ለቅሶ ደራሽ ከገጠር መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። ይሻው ክው አለ። ዓይናለም ግን ቀድማው ሮጣ ለሰውየው በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ሰውየው ሳይገባ ተመለሰ።

«ምን አልሽው?»

«አባዬ ተኝቷል አልኩት።»

ይሻው እፎይ አለ። አልገባትም።

የቀረው አንድ ቀን ነው። ሥዕሉን ለሦስተኛ ጊዜ ሠራው። ቅዳሜ አማቱን እጅ ከፍንጅ ሊይዝ ሥራውን አቋርጦ በቀትር ተመለሰ። በሩ ገርበብ ብሏል። ካርቶኑ አበበች ጉልበት ላይ ነው። በሩን ሊገፋ እጁን ዘረጋ።

ላጲሱ ዓይናለም እጅ ውስጥ ነበር።

«እማማ፣ ለአባዬ እንዳያሳዩት» ስትል ሰማት፤ «እናቴ መሞቷን እኮ ገና አልነገሩትም።» ይሻው በሩን ቀስ አድርጎ መልሶ ገጠመው።