የንጉሡ በቅሎ

ንግሥቲቱ ልጅ አልወለደችም ብለው መኳንንቱ ሲያንሾካሹኩ፣ ባሏ ንጉሡ ወደ ሴቶች ገዳም ላካት። «ሁዳዴን ብቻ ጸልዪልን፤ ለፋሲካ ይህችኑ በቅሎዬን ልኬ አስመጣሻለሁ» ብሎ ግንባሯን ስሞ ሸኛት። እሷም የዋህ፣ ለበዓሉ የምትለብሰውን ቀሚስ አልጋዋ ላይ አጣጥፋ ነው የወጣችው።

የገዳሙ በር ላይ አንዲት መነኩሲት ተቀበለቻት።

«እማሆይ፣ እኔ እንኳ የምሰነብተው እስከ ፋሲካ ነው» አለች ንግሥቲቱ፣ ከኮርቻው ሳትወርድ።

በቅሎዋ አንገቷን ዘርግታ እንደ ድሮ ወዳጅ የመነኩሲቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። መነኩሲቷም የበቅሎዋን የተሰነጠቀ ጆሮ ቀስ ብላ ዳበሰችው።

«እኔን ስታመጣ እሾህ የቀደደው ነው» አለች። «ለእርስዎም ‹ለፋሲካ አስመጣሻለሁ› አሉዎት?»