ቀጥ ያለው ፌሮ

ፎርማኑ ትከሻዬን ገፍቶ ፈረንጁ አለቃችን ፊት አቆመኝ። «ይኸው፣ እሱ እንግሊዝኛ ይችላል።»

የት ችዬ! የምችለው ስድብ ብቻ ነው። ከፊልም ለቃቅሜ በምሳ ሰዓት አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች አስተምራለሁ። ለሌባው፣ ለውሸታሙ፣ ለከሃዲው፣ ለባለጌው ስም አለኝ። ደህና ሰው ምን እንደሚባል የጠየቀኝ የለም። እኔም ጠይቄ አላውቅ።

ወንድሜ የሳይቱ ዘበኛ ነው። ጠዋት ድሪሉ ጠፋ ተባለና ፈረንጁ እቃ ቤት ከቶ ቆለፈበት፤ ፖሊስም ተጠራ። አስተርጓሚያችን አሞት ቀርቷል። በቆርቆሮው ቀዳዳ የወንድሜ አንድ ዓይን ይታየኛል። ሚስቱ የመውለጃ ወሯ ገብቷል።

«አንተ ለፍላፊ» አለኝ ከውስጥ። «ዛሬ እንኳን ምላስህ ለቁም ነገር ይዋል።»

ፈረንጁ ወደሱ እየጠቆመ «ክሩክ» አለ።

ይቺን አውቃታለሁ። አስተርጓሚው እንደነገረኝ ድሮ ድሮ ጋንቾ ማለት ነበረች፣ የተቆለመመ ብረት። ኋላ የተጣመመ ሰውም ስሟን ወረሰ። እኔ ደግሞ ሥራዬ ፌሮ ማጣመም ነው። ለካ ሌባ ሳመርት ነው የምውለው ብዬ ያን ቀን በሳቅ ሞትኩ።

አሁን ግን ወንድሜ ቀጥ ያለ ሰው ነው ልል እፈልጋለሁ፤ ቃሉ የለኝም። ጎንበስ ብዬ ቀጥ ያለ ፌሮ አነሳሁና ወደ እቃ ቤቱ አሳየሁት። «ማይ ብራዘር።»

ፈረንጁ ብረቱን አየ፤ እኔን አየ። «ሁ?» አለ። ማን ሰረቀው ታዲያ ማለቱ ነው።

እኔ ምኑን አውቄ። ዞር ብል ልጆቹ ሁሉ አቀርቅረዋል። የፖሊስ መኪና በሩ ላይ ቆመ፤ ፈረንጁም ወደ እቃ ቤቱ መራመድ ጀመረ። ወንድሜን ቤት የምትጠብቀው አለችው። እኔን የሚጠብቀኝ ፌሮ ነው።

ቀጥ ያለውን ጥዬ ከአጠገቡ አንድ የቆለመምኩት ጋንቾ አነሳሁ። ደረቴ ላይ አደረግኩት።

«ክሩክ» አልኩ።

ልጆቹ ቃሉን ያውቁታል፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። አንዳቸውም አልሳቀም።

ቁልፉ ተከፈተ። ወንድሜ በብርሃኑ ዓይኑን እያጨናበሰ ወጣና ሮጦ አቀፈኝ። «ጎሽ የናቴ ልጅ፣ ለካ እውነትም ትችላለህ» አለኝ። ጋንቾው መሀላችን ነበር። እሱ ባጠበቀ ቁጥር ጫፉ ይወጋኛል።