ሣሩ ሥር እስኪይዝ

ግንበኛው ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ዓለሙ ከዊልቸሩ እስከ መስኮቱ ሆነች። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እሱም ሚስቱም ለልጃቸው ውክልና ፈርመዋል፤ ከዚያ ወዲህ ለቤቱ ጉዳይ የሚሮጠው ልጁ ነው። ግቢው ውስጥ የግንበኛው እጅ ያላረፈበት ቦታ ቢኖር ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ባዶ መሬት ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ልጁ አትክልተኛ ይዞ መጣ።

"ሣር ላስተክልልህ ነው አባዬ፤ ዓይንህ አረንጓዴ ይይ" አለው፣ ግቢውን በስልኩ ፎቶ እያነሳ።

ግንበኛው ደስታውን መደበቅ አቃተው። መስኮቱን አስከፍቶ ማዘዝ ጀመረ።

"አንድ ስንዝር ቆፍር። ድንጋዩንም ልቀም እንጂ መልሰህ አትቅበረው።"

"ለቅሜ ጨርሻለሁ አባባ።"

"ከእግርህ ሥር ያለው ታዲያ ምንድን ነው? እንቁላል ነው?"

አትክልተኛው ሳቀ። ድንጋዩን ወርውሮ የበሰበሰውን ፍግ ከአፈሩ ጋር ደባለቀ። ግንበኛው ሲባጎ አስወጥሮ መሬቱን አስደለደለው፤ ውሃ ወደ ቤቱ እንዳይመጣም ወደ ውጭ በር ትንሽ አስዘነበለው። አፈሩ ከራሰ በኋላ፣ ከነአፈሩ ተቆርጦ እንደ ምንጣፍ የተጠቀለለው ሣር ተዘረጋ።

"እንደ ብሎኬት አድርገው። ያንዱ መጋጠሚያ በሌላው መሃል ላይ ይረፍ" አለ ግንበኛው። አትክልተኛውም እንዳለው አደረገ፤ ሳንቃ አጋድሞም ረገጠው።

ሲሄድ ሚስትየዋን "እናቴ፣ ሥር እስኪይዝ ጠዋትና ማታ ይጠጣ። ጠርዙን ገለጥ ያድርጉት፤ ከሥሩ ያለው አፈር ካልራሰ አልጠጣም ማለት ነው" አላት።

"እሺ" አለች። የውሃውን ጎማ ግን ጠቅልላ ቧንቧው ላይ ሰቀለችው።

ሳምንት ሳይሞላ ሣሩ ዳር ዳሩን ቢጫ ሆነ። መጋጠሚያው ሁሉ አፉን ከፈተ።

"አጠጣሽው?"

"ውሃ ጠፍቷል።"

"የጎረቤት ቧንቧ ሲንዠቀዠቅ ይሰማኛል እኮ።"

"እንግዲያው ለጎረቤት ንገራቸው፣ ያጠጡልህ።"

ግንበኛው ዊልቸሩን እየገፋ እስከ በሩ ደረሰ። ጎርፍ እንዳይገባ ብሎ ራሱ ከፍ አድርጎ የሠራው የበር ደፍ አገደው። ቧንቧው ከዚያ ወዲያ ነው። ዓይኑ እያየ ሣሩ ይደርቃል።

"ምን አደረገሽ ይሄ ሣር?" አላት።

"ዕድሜ ልካችንን ያለ ሣር ስንኖር ምን ጎደለብን?" ብላው ወደ ጓዳ ገባች።

ሆድ ባሰው። እሱን ማጠብ፣ እሱን ማገላበጥ ታክቷታል፤ እሱ ላይ የማትወጣውን ንዴት ሣሩ ላይ ትወጣዋለች። አንድ የቀረችውን ደስታ ልትነሳው ነው። ስልኩን አንስቶ ልጁ ጋ ደወለ።

"እናትህ ሣሩን ልትገድለው ነው" አለው።

ልጁ በማግስቱ መጣ። እናትና ልጅ ጓዳ ገብተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተጨቃጨቁ። ግንበኛው "ልቡ አይችልም፣ እንዳትነግሪው" የሚለውን የልጁን ቃል ብቻ ነጥሎ ሰማ። ሣሩ አይተርፍም ማለቱ ይሆናል ብሎ ፈራ።

ሣሩ ግን ተረፈ። ልጁ ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታ ከሥራ መልስ እየመጣ እስኪጠግብ አጠጣው። ቢጫው እየለቀቀ፣ መጋጠሚያው እየተሸፈነ ሄደ። በመጨረሻ አትክልተኛው ተጠርቶ መጣና ጠርዙን ይዞ ሳብ አደረገው። ንቅንቅ አላለም።

"ሥር ይዟል አባባ። ከእንግዲህ ማን ይነቅለዋል?"

ግንበኛው የበሩ ደፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ወደተቀመጠችው ሚስቱ ዞረ።

"አየሽ? እምቢ ብትዪም ያዘ።"

ሚስቱ ዞር አላለችም። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

እሁድ ልጁ አንዲት ሴትና ባሏን አስከትሎ ገባ። ሴትዮዋ ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አለችበት። ግንበኛው በመስኮት ሆኖ በኩራት ፈገግ አለላት።

"ቅር ያሰኘን ይሄ ግቢ ብቻ ነበር፤ እንዲህ ከሆነማ ነገውኑ እንፈርማለን" አለችው ልጁን፤ "ሽማግሌዎቹ ግን ቤቱን መቼ ነው የሚለቁልን?"